«ድሮ ታምሜ ነበር፤ ተሳቢ መንዳት እችላለሁ?»

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከከተማው ዳር የመጡ ናቸው። ከቃሊቲ፣ ከገላን፣ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከሰበታ። አይገርምም፤ ወደ ጅቡቲ የሚወጣውም ከጅቡቲ የሚገባውም መኪና የሚያድረው፣ የሚጠገነውና ጭነት የሚጠብቀው እዚያው አካባቢ ነው። ጥያቄዎቹን ሳገላብጣቸው ዞረው ዞረው አንድ ቦታ ይገናኛሉ፦ «ድሮ እንዲህ ያለ ሕመም ነበረብኝ፤ ከባድ መኪና መንዳት ይፈቀድልኛል ወይ?» ስለዚህ የዚህን እትም ዓምድ በሙሉ ለእሱ ሰጠሁት። የጠያቂዎቹን ስም ትተን ሰፈራቸውን ብቻ ጽፈናል። ደብዳቤዎቹንም አሳጥረናል።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 27 ነው። የተሳቢ ረዳት ነኝ፣ የጅቡቲን መስመር አብጠርጥሬ አውቀዋለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ የሚጥል በሽታ ነበረብኝ። ጠበልም ተጠምቄያለሁ፣ መድኃኒትም ወስጃለሁ። ለመጨረሻ ጊዜ የጣለኝ የዛሬ አምስት ዓመት ነው። ከሁለት ዓመት በፊት መድኃኒቱን በራሴ አቆምኩ፣ ምንም አልሆንኩም። አሁን ገንዘብ አጠራቅሜ የደረቅ ጭነት መንጃ ፈቃድ ላወጣ ነው። ጓደኞቼ «ሜዲካል ላይ ዝም በል፣ ካልተናገርክ ማን ያውቅብሃል?» ይሉኛል። ልናገር ወይስ ዝም ልበል? (ከገላን)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ተናገር።

ጓደኞችህ አልዋሹህም፤ ካልተናገርክ የሚያውቅብህ የለም። ሜዲካል ላይ ዓይንህን በፊደል ሰሌዳ ያዩታል፣ ጆሮህን ይፈትሻሉ፣ ግፊትህን ይለካሉ። የሚጥል በሽታ ግን ባልጣለበት ቀን አይታይም። ሐኪሙ የሚያውቀው አንተ የነገርከውን ብቻ ነው። ዝምታህ እንግዲህ ከምርመራ ክፍሉ ያስወጣሃል፤ በሌሊት ከአዋሽ ወደ ሚሌ ስትወርድ ግን አያተርፍህም። ከኋላህ በማዳበሪያ የተሞላ ተሳቢ አለ። ፊት ለፊትህ ሰው የጫነ ሚኒባስ፣ ወይም አስፋልት የሚያቋርጥ ግመል። የጣለህ ጊዜ እግርህ ነዳጁ ላይ እንደተጫነ ሊደርቅ ይችላል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ30 ሰከንድ ከ650 ሜትር በላይ ይጓዛል፤ ያን ሁሉ መንገድ ያለ ሹፌር ማለት ነው።

ይህን የምልህ ላስደነግጥህ አይደለም። ሰው «የሚጥል በሽታ» ብሎ የሚጠራው ሁሉ አንድ ዓይነት እንዳልሆነም እወቅ። ሕፃን ሳለ ትኩሳት ሲይዘው ብቻ ያንቀጠቅጠው የነበረና ከፍ ሲል የተወው ሰው አለ። ወባ ጭንቅላቱ ላይ ወጥቶበት አንዴ ብቻ የጣለው አለ። የእነዚህ ምክንያቱ የታወቀ ነው፣ አልፏልም፤ ሐኪም በደንብ አይቶት ብዙ ጊዜ ችግር የለውም ሊል ይችላል። ያለ ግልጽ ምክንያት ደጋግሞ የሚጥል ግን ሌላ ነገር ነው። አንተ «ለመጨረሻ ጊዜ የጣለኝ» ስላልክ ተደጋግሞብሃል ብዬ ነው የምመልስልህ።

እኛ አገር በ2010 ዓ.ም. የወጣው የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ፣ ቁጥር 1074 የሚባለው፣ ፈቃድ ጠያቂው ለመንዳት ብቁ መሆኑን የሚያሳይ የሕክምና ማስረጃ እንዲያቀርብ ይጠይቃል። የሌላውንም አገር ላሳይህ፣ ራስህን እንድትመዝንበት። አሜሪካ ውስጥ የሚጥል በሽታ ታሪክ ከክልል ክልል የሚነዳን የከባድ መኪና ሹፌር በቀጥታ የሚከለክል ነው። ልዩ ፈቃድ ለመጠየቅ እንኳ፣ በሽታው ያለበት ሰው መድኃኒት ወሰደም አልወሰደም 8 ዓመት ሳይጥለው መቆየት አለበት። በሕይወቱ አንዴ ብቻ ያለ ምክንያት የጣለው ደግሞ 4 ዓመት። እንግሊዝ ከዚህም ትጠብቃለች፤ ለከባድ መኪና 10 ዓመት ሙሉ ሳይጥል፣ ያውም ያለ መድኃኒት። እዚያው እንግሊዝ ለቤት መኪና ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓመት ይበቃል። የጭነት መኪናን ለይተው ያጠበቁት ክብደቱን ብቻ አይተው አይደለም፤ ሹፌሩ ከመሪው ጋር የሚውልበትን ሰዓትም ቆጥረው ነው። አምስት ዓመት ሳይጥልህ መቆየቱ ለጤናህ ትልቅ ነገር ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ለተሳቢ ግን በእነዚህ መለኪያዎች ገና ነህ።

ደግሞ ሥራው ራሱ በሽታውን የሚቀሰቅስ ነው። እንቅልፍ ማጣት የሚጥል በሽታን ከሚጠሩት ዋና ዋና ነገሮች አንዱ ነው፤ የጅቡቲ መስመር ላይ እንዴት እንደሚተኛ ደግሞ ለአንተ አልነግርህም። ሌሊቱን በጫት ተገፍቶ፣ ቀን ጋቢና ውስጥ በሙቀት ተገላብጦ፣ ወደብ ላይ ሰልፍ ጠብቆ፣ እንደገና መሪ። አሁን ረዳት ሆነህ ምንም ያልሆንከው ምናልባት መንገድ ላይ ጥግህን ይዘህ ስለምትተኛ ይሆናል። ሹፌር ስትሆን ያ የለም።

ሕጉንም አትርሳ። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ይቀጣል፣ የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው ሲሆን ደግሞ ቅጣቱ ይከብዳል። በሽታህን እያወቅክ ደብቀህ መሪ ከያዝክ «ድንገት ነው» የሚል መከራከሪያ አይኖርህም።

እና ምን ላድርግ ካልክ፣ ለማሰልጠኛ ከመክፈልህ በፊት የነርቭ ሐኪም ጋ ሂድ። ሲጥልህ ያየ ሰው ይዘህ ሂድ፤ እናትህ ወይም ታላቅህ፣ አንተ ያኔ ራስህን ስለማታውቅ ዋናው ምስክር እነሱ ናቸው። ስንት ጊዜ ጣለህ፣ በእንቅልፍ ነው ወይስ ነቅተህ፣ የትኛውን መድኃኒት በምን መጠን ወሰድክ፣ መቼ አቆምክ፤ ይህን ሁሉ በወረቀት ጽፈህ ያዝ። ኢኢጂ የሚባለውን የአንጎል ምርመራ ሊያዝልህ ይችላል። ውጤቱ «ደህና» ቢል ግን ነጻ ወጣሁ አትበል፤ በሽታው እያለባቸውም ምርመራው ደህና የሚሆንላቸው ብዙ ናቸው። መድኃኒቱን በራስህ ማቆምህንም ሳትደብቅ ንገረው። ጠበሉን አልነካብህም፤ ተጠመቅ፣ ሐኪሙ ካዘዘልህ ግን መድኃኒቱንም ዋጥ፣ አንዱ አንዱን አይከለክልም።

ያልጠየቅከኝንም ልጨምር። ረዳት ሸራ ሊያስር ጭነት ላይ ይወጣል፣ ጎማ ሲፈነዳ ክሪክ ሰክቶ ከሥር ይገባል፣ ግቢ ውስጥ ደግሞ «እስቲ ትንሽ አስጠጋው» ይባላል። ሐኪም እስኪያይህ ድረስ ጭነት ላይ አትውጣ፣ መኪናም አታስጠጋ። መስመሩን ካወቅከው ዘንድ የጭነት ሥራ መሪ መያዝ ብቻ አይደለም። የትራንዚተር (የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚ) ረዳት መሆን፣ መኪና ማሰማራት፣ መለዋወጫ መሸጥ አለ። የመኪና ባለቤት ሆኖ ሹፌር ቀጥሮ የሚያሠራው ሁሉ ራሱ ሾፍሮ አይደለም።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ስኳር አለበት፣ ካቻምና ኢንሱሊን ተጀመረለት። ለአሠሪው አልተናገረም፣ ረዳቱም አያውቅም። መድኃኒቱን በካልሲ ጠቅልሎ ጋቢና ውስጥ ወንበር ሥር ያደርገዋል። ባለፈው ወር ከአዳማ በታች ላብ በላብ ሆኖ፣ እጁ ተንቀጥቅጦ መኪናውን ዳር አስይዞ እንደተኛ ነገረኝ። «ደክሞኝ ነው» ይላል። መንጃ ፈቃዱ ሊታደስ ነው። ብናገር እንጀራችን ይቋረጣል፣ ዝም ብል እሱን አጣዋለሁ ብዬ ጨነቀኝ። (ከቱሉ ዲምቱ)

መልስ፦ እህቴ፣ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ላብ አጥምቆት ሲንቀጠቀጥ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ስኳሩ መውረዱ ነው። ድካም አድርጎ ማለፍ አደገኛ ነው። ዳር ይዞ መቆሙ ራሱን አትርፎታል። ትንሽ ቢቆይ ኖሮ ግራ ይጋባና ማቆም እንዳለበትም ላያስብ ይችል ነበር።

አሁን ደግሞ ደስ የሚለውን ልንገርሽ። ኢንሱሊን መውሰድ ብቻውን የሹፌርነት ማብቂያ መሆኑ በሌላው ዓለም እየቀረ ነው። አሜሪካኖች ለረጅም ጊዜ ኢንሱሊን የሚወስድን ሰው ያለ ልዩ ፈቃድ ከባድ መኪና አያስነዱም ነበር። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2018 ግን ደንቡ ተቀየረ። አሁን የሚያክመው ባለሙያ ሕክምናው የተረጋጋና ስኳሩም በአግባቡ የተያዘ መሆኑን በቅጽ ካረጋገጠለትና ቢያንስ የሦስት ወር የስኳር ልኬት መዝገብ ካሳየ መንዳት ይችላል። ስኳሩ ወርዶ ራሱን ከሳተ ወይም ሰው ካልረዳው የማይድንበት ደረጃ ከደረሰ ግን ምክንያቱ ታውቆ እስኪስተካከል መንዳቱን ያቆማል። የሚያስቆመው እንግዲህ የስኳሩ መውረድ ነው። ባልሽም ይህን መዝገብ ከአሁኑ ቢጀምር ለእድሳቱ ምርመራ ባዶ እጁን አይቀርብም። የምርመራ ውጤቱን፣ የሚወስደውን መጠንና የልኬት ደብተሩን ይዞ የሄደ ሰው ሐኪሙን ያስረዳል። ካልሲ ውስጥ የደበቀ ግን የተገኘበት ቀን የሚከራከርበት ነገር የለውም።

መንገድ ላይ የሚያደርገውን ልጻፍልሽ፣ አንብቢለት። መሪ ከመያዙ በፊት ይለካ። መለኪያው ከ90 (ሚ.ግ/ዴ.ሊ) በታች ካሳየ አይነሳ፣ መጀመሪያ ይብላ። በየሁለት ሰዓቱ ቆሞ ይለካ። ከ70 ከወረደ ወይም መንቀጥቀጡ ከጀመረው ዳር ይዞ ሞተር ያጥፋ፣ ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ ወይም ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ ይጠጣ፤ ስኳር የሌለው ዓይነት ግን ለዚህ አይሆንም። ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግሞ ይለካ። ስኳሩ ከተስተካከለ በኋላም አንጎል ቶሎ ስለማይመለስ 45 ደቂቃ ያህል ይቆይ እንጂ ወዲያው አይነሳ። ጋቢናው ውስጥ ሁልጊዜ ስኳርና ብስኩት ይኑር፣ እጁ በሚደርስበት ቦታ።

ኢንሱሊኑ ራሱስ? ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ይቀመጣል። የተጀመረው ከ30 ዲግሪ በማይበልጥ ቦታ አራት ሳምንት ገደማ ይቆያል። ከአዋሽ ወዲያ ያለውን ሙቀት ደግሞ ሁሉም ያውቀዋል፤ የቆመ መኪና ጋቢና ከውጭው ብሶ ይጋላል፣ ወንበር ሥር ማለትም ሞተሩ አጠገብ ማለት ነው። ሙቀት ያበላሸው ኢንሱሊን ሲወጋ ያለ ይመስላል፣ ግን አይሠራም። እሱ ደግሞ አልሠራ ሲለው መጠን ይጨምራል፤ በማግስቱ ደህናውን ሲከፍት ያው መጠን ይጥለዋል። በውሃ በረጠበ ጨርቅ ተጠቅልሎ ነፋስ የሚያገኘው የሸክላ ዕቃ ውስጥ ወይም ሰፊ አፍ ባለው ፔርሙዝ ውስጥ ቢይዘው ይሻላል። በረዶ ካደረገበት ግን መድኃኒቱ በረዶውን አይንካው፤ በረዶ ሆኖ ከረጋ ይበላሻል።

ሁለት ነገር ቀረኝ። አንደኛ፣ ረዳቱ ይወቅ። አሠሪው ነገ ቢሰማ ይሻላል፣ ረዳቱ ግን ዛሬ ማወቅ አለበት፤ ያን ለስላሳ አፉ ላይ የሚያደርግለት እሱ ነው። ራሱን ከሳተ ግን ምንም እንዳያጠጣው፣ ያንቀዋልና፤ በጎኑ አስተኝቶ በአቅራቢያው ወዳለ ሕክምና ያድርሰው። ሁለተኛ፣ ጾም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበላ፣ ግን እንደ ልማዱ ኢንሱሊኑን ወግቶ የሚነዳ ከሆነ የአዳማው ነገር መደጋገሙ አይቀርም። ሐኪሙንም የንስሐ አባቱንም ያነጋግር። ሙስሊም ከሆነም በረመዳን ያው ነው። ታማሚ በሃይማኖቱም እንደሚታሰብለት ለእናንተ አልነግራችሁም።

ጥያቄ፦ 54 ዓመቴ ነው። ዕድሜዬን በሙሉ ጭነት መኪና ነድቼ ነው ልጆች ያሳደግሁት። ልጄ አሜሪካ ነች፣ ወረቀቴን ጨርሳልኛለች። እዚያም ትራክ ልነዳ አስቤያለሁ። የግፊት መድኃኒት እወስዳለሁ። የዛሬ ሦስት ዓመት ደግሞ ሃርት አታክ ይዞኝ ስቴንት (የልብን ደም ሥር ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ቱቦ) ገብቶልኛል። መነጽርም አደርጋለሁ። ልጄ «የልብህን ነገር እዚያ እንዳትናገር» ትለኛለች። እውነት ይጥሉኛል? (ከሰበታ)

መልስ፦ ጋሼ፣ ልጅዎ ስለምትወድዎ ነው፤ ምክሯ ግን አይበጅም። እዚያ የሚመረምርዎት በፌዴራል መዝገብ የተመዘገበ መርማሪ ነው። ቅጹን መጀመሪያ የሚሞሉት እርስዎ ራስዎ ነዎት። የልብ ሕመም፣ ስቴንት፣ ግፊት፣ ስኳር፣ የሚጥል በሽታ፣ ቀዶ ጥገና እያለ አንድ በአንድ ይጠይቅዎታል፣ ከሥር ይፈርማሉ። የዋሹ እንደሆነ ምርመራውም፣ ለመንዳት ብቁ ነህ የሚለው የሕክምና ካርዱም ሊሰረዝ እንደሚችልና ቅጣትም እንዳለው እዚያው ላይ ተጽፏል። የሚወስዱት መድኃኒት ደግሞ ራሱ ያጋልጥዎታል፤ የስቴንት ሰው የሚውጠውን መርማሪ ሁሉ ያውቀዋል።

ያለፈ ሃርት አታክ ብቻውን አይጥልዎትም። መርማሪዎች የሚመሩበት ምክር ከሃርት አታክ በኋላ ቢያንስ ሁለት ወር መጠበቅን፣ ከዚያ የልብ ሐኪም ይሁንታን፣ ልብ ደም የሚረጭበትን አቅም ኢኮ በሚባለው የልብ አልትራሳውንድ ማየትንና በመሮጫ ማሽን ላይ የሚደረግ የልብ ፈተናን ይጠይቃል። እርስዎ ሦስት ዓመት አልፎዎታል። ደረትዎን የማያምዎት፣ ደረጃ ሲወጡ የማያፍንዎት ከሆነ ተስፋው ጥሩ ነው። ካርዱ ግን በየዓመቱ የሚታደስ እንጂ ጤነኛ ሰው የሚያገኘው የሁለት ዓመቱ አይሆንም ብለው ይነሱ።

ግፊትዎ ከ140 በ90 በታች ቢሆን ይመረጣል። ከ160 እስከ 179 ወይም የታችኛው ከ100 እስከ 109 ከሆነ የሦስት ወር ካርድ አንዴ ብቻ ሰጥተው «አስተካክለህ ና» ይላሉ። 180 በ110 ከደረሰ እስኪወርድ መሪ የለም። ዓይን በመነጽርም ቢሆን በእያንዳንዱ 20/40 ማንበብ አለበት፤ በአንድ ዓይኑ ይህን የማያሟላም እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ የዓይን ሐኪም ገምግሞት የሚያልፍበት መንገድ ተከፍቷል። ጆሮዎን በሹክሹክታ ከ1 ሜትር ተኩል ገደማ ርቀት ይፈትሻሉ። ሽንትም ይሰጣሉ። ዕድሜዎ አይከለክልዎትም።

ከዚህ ሳይነሡ የሚያደርጉት ነገር አለ። ስቴንት የገባልዎት ሆስፒታል ሄደው የመውጫ ማጠቃለያውን፣ የኢኮውንና የኢሲጂውን (የልብ ምት ምርመራውን) ውጤት ይቀበሉ። «ፋይሉ ጠፍቷል» ቢሉዎት ተመላልሰው ያስፈልጉት። ያ ወረቀት ከሌለ እዚያ ሁሉንም ከዜሮ ያስጀምሩዎታል፣ ዋጋው ደግሞ የልጅዎን ኪስ ነው የሚጎዳው። ጫት የሚቅሙ ከሆነም እዚሁ ይተዉት፤ እዚያ ሕገ ወጥ ነው፣ ልብዎም አይፈልገውም። እንግሊዝኛውንም ይጀምሩት። እ.ኤ.አ. ከ2025 አጋማሽ ወዲህ መንገድ ላይ ተቆጣጣሪ ሲያናግረው መልስ መስጠት ያልቻለን ሹፌር ከመኪናው እያስወረዱት ነው። ከልብዎ ይልቅ እሱ እንዳያስቸግርዎት እፈራለሁ።

ጥያቄ፦ ግፊት አለብኝ። ሜዲካል ሲደርስ ሁለት ሦስት ቀን ክኒኑን እውጥና ይወርድልኛል፣ ከዚያ እተወዋለሁ። ችግር አለው? (ከቃሊቲ)

መልስ፦ አለው። ለሜዲካሉ ሁለት ሦስት ቀን ግፊትህን ታወርዳለህ፤ የቀረውን ጊዜ ሁሉ ግን ከፍ ባለ ግፊት ትነዳለህ። ግፊት ሳያሳምም ኩላሊትን፣ ዓይንንና አንጎልን ይበላል። የመጀመሪያው ምልክት አንዳንዴ ስትሮክ ነው፣ መሪ ላይ ሆነህ። ክኒኑን በየቀኑ ዋጥ፤ ከከበደህ ሐኪምህ ይቀይርልህ። የምትፈራው ልኬቱን ከሆነ፣ በምርመራው ቀን ቡና ሳትጠጣ ሂድ፣ ሽንትህን ሽና፣ ወንበር ተደግፈህ አምስት ደቂቃ ሳታወራ ተቀመጥና ከዚያ ይለኩህ። ብዙ ሰው ከሚኒባስ ወርዶ እየሮጠ ገብቶ፣ ወዲያው ክንዱን ዘርግቶ ነው ግፊቱ የሚያሻቅበው።

ጥያቄ፦ የዛሬ አራት ዓመት ቲቢ ታክሜ ድኛለሁ። ራጅ ላይ ጠባሳው ይታያል ይሉኛል፣ ፈቃድ ይከለክለኛል? (ከአቃቂ)

መልስ፦ መድኃኒቱን ስድስት ወሩን ጨርሰህ ከዳንክ አንተ የዳነ ሰው ነህ። ጠባሳው ሕመም አይደለም። ሕክምናውን መጨረስህን የሚያሳየውን ወረቀት ከጤና ጣቢያው አውጥተህ ያዝ፣ ያኔ ራጁን አይቶ የሚደነግጥ ሰው ሲኖር ታሳየዋለህ። ጭነት ስታራግፍ ትንፋሽ ካጠረህ ወይም ደም የቀላቀለ አክታ ካየህ ግን ለፈቃዱ ሳይሆን ለሳንባህ ብለህ ተመለስ።

ጥያቄ፦ በሞተር አደጋ ግራ እግሬ ተሰብሮ ብረት ገብቶልኛል። እራመዳለሁ፣ ሲበርድ ግን ያመኛል። ማስታገሻ ውጬ እሠራለሁ። ሲኖትራክ ልነዳ ነው። (ከሱሉልታ)

መልስ፦ ብረቱ ማንንም አያሳስብም፣ የሚታየው እግሩ የሚሠራው ሥራ ነው። ግራ እግርህ ፍሪሲዮን የሚረግጠው ነው። በሱሉልታ ዳገት ሰልፍ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚረገጥ አስበው። የቆመ መኪና ላይ ተቀመጥና እስከ ታች ደጋግመህ እርገጠው፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳትንቀጠቀጥ፣ ሳታነክስ ከቻልክ ለምርመራው ሂድ። ጉልበትህ ካልታጠፈ ወይም መርገጫውን ሳታይ እግርህ የት እንዳለ ካላወቅክ መጀመሪያ ፊዚዮቴራፒ። የጠረጠርኩት ግን ማስታገሻህን ነው። ትራማዶል ከሆነ እሱን ውጦ መሪ መያዝ የለም፤ ያደነዝዛል፣ ሱስም ያስይዛል፣ መጠኑ ሲበዛ ደግሞ ሊጥል ይችላል። የክኒኑን ማሸጊያ ይዘህ ብረቱን ያስገባልህ ሐኪም ጋ ሂድ፣ በሌላ ይቀይርልህ፣ ራጅም ያንሣህ። ሲበርድ የሚያመው ብረት አንዳንዴ የላላ ብሎን ይሆናል።